የሁለቱ ልዑላን እናት

ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ የቤተ መጻሕፍቱን ካርቶኖች ወደ ቤት ያመጣኋቸው አይጥ እንዳይጨርሳቸው ብዬ እንጂ ለማንበብ አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያን ያህል ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አብዛኞቹን ገልጬ እንኳ አላውቅም። ከውጭ የተለገሱ የልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ ዘውድ የደፉ የጥንት የእንግሊዝ ነገሥታት በቀለም ተስለውባቸዋል።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከጠፋ አምስት ወር ሆኖታል። «ቡሬ ነኝ፣ የዱርቤቴ ሚኒባስ አግኝቻለሁ» ብሎ ደወለ፤ በቃ። ዱርቤቴ የሚጠብቀው ሰው አላየውም። ሆስፒታሉን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ መናኸሪያውን ጠየቅን። የለም። እኔ ከሁለተኛው ወር በኋላ ውስጤ ደነዘዘ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እናቴ ግን «ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አላለቅስም» ብላ እንቢ አለች። ጎረቤቱም የሚለው ጠፋው፤ «እግዜር ያጥናችሁ» እንዳይል ሞተ ያለ የለ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እንዳይል አልመጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከመጻሕፍቱ አንዱን ገልጣ «እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው የተቃቀፉት?» አለችኝ። ነገርኋት። ታላቅየው ንጉሥ ነው፣ ገና ልጅ። አባቱ ሲሞት አጎቱ «እኔ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ግንብ ውስጥ አስገባቸው፤ ዘውዱን ራሱ ደፋው። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ ይታዩ ነበር። ኋላ መታየታቸው ቀረ።

«አዬ ሥጋ! አጎት ተብሎ!» አለች። ከዚያ «እናታቸውስ?» አለችኝ።

መጽሐፉ ስለ እናታቸው አንድ መስመር እንኳ የለውም። በማግሥቱም «እናታቸውስ?» በሣልስቱም። እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ። የእሷ መጠበቅ ሰለቸኝ። ገጹን የማነብ መስዬ፣ «አለቀሰች። ለቅሶ ተቀመጠች፣ ፍትሐት አስደረገች፣ ተዝካራቸውን አወጣች» አልኋት።

«ሬሳ ሳታይ?»

«ሳታይ።»

«ንግሥት ሆና?»

«ንግሥት ሆና።»

ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «በይ የንስሐ አባታችንን ጥሪልኝ» አለች።

መጡ። «መርዶውን ማን ነገራችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ሌላም እናት እንዲህ አድርጋለች፣ አባ» አለቻቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ደፋሁ። በስንት ዘመኔ መርዶ ነጋሪ ሆንሁ፤ ያውም ለገዛ እናቴ፣ ያውም ያልሰማሁትን። እሳቸውም ብዙ አልጠየቁኝም፤ የወንድሜን የክርስትና ስም ይዘው ሄዱ።

ድንኳን ተተከለ። ሰው ጎረፈ። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ልጄን! ልጄን!» ስትል እኔ ለለቅሶኛው ውኃ አቀርብ ነበር። አንዲት እንባ አልወጣኝም። ሴቶቹ «ደንግጣ ነው፣ ወዮላት» ተባባሉ። ደንግጬ አልነበረም። ምንም አልነበርሁም።

በአርባው ተዝካሩን አወጣን። እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ጭር ሲል እናቴ መጽሐፉን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ገጹን ገልጣ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«ከዚያ በኋላስ?» አለችኝ። «ተዝካሩን ካወጣች በኋላ ምን ሆነች? እሱን አንብቢልኝ።»

ገጹን አየሁት።

«ኖረች» አልኋት።

«እንዴት?»