ጥሩምባ የተነፋለት ማኅበር

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ጎረቤቴ ደንግጣ አየችኝ፤ እውነቷን ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ጥሩምባው የሚነፋውም ሰው ሲሞት ነው፤ በሰው ሞት ደግሞ አይሳቅም። ግን ለማን እንደተነፋ ገና አልሰማሁም ነበር። እኔ ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ደግሞ ቀብር ሳይሆን ያ የሰኔ ቀን ነው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። መካነ ሰላም፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ የነበረኝ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የውኃ መመርመሪያ ሣጥንና የማያልቅ ጉጉት ነው። በዚያው ዓመት ለአጭር ሥልጠና ናይሮቢ ተላክሁ። እዚያ ከየአገሩ የመጣን የውኃ፣ የአፈርና የቆሻሻ አወጋገድ ሰዎች ማታ ማታ ሻይ ይዘን ስናወራ የሁላችንም ችግር አንድ ሆኖ አገኘነው፤ እያንዳንዳችን በየወረዳችን ብቻችንን ነበርን። ምንጭ ቢበከልብን ደውለን የምናማክረው ሰው አልነበረንም። እንግዲያውስ ዓለም አቀፍ የአካባቢ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር እንመሥርት ተባባልን። ወጣትነት ደግ ነው፤ «ዓለም አቀፍ» ለማለት ማንንም አያስፈቅድም።

ደንብም አወጣን። በተቀጠረው ቀን እያንዳንዱ አገር አባላቱን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ በስልክ ይገናኛል፤ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰው እየተነሣ ስሙን በገዛ አፉ ይናገራል። ያልሞላለት አገር ወደፊት አባል ሊሆን ይችላል፣ መሥራች ግን አይባልም። አዲስ አበባ ያሉት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ምሥረታው እዚያ ይሁን ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የሚታጠበው አፈር ያለው እኛ ጋ፣ ማኅበሩ የሚመሠረተው እዚያ፣ እንዴት ሆኖ? መብራት ቢጠፋብሽስ አሉኝ። ሻማ አለን አልኩ። እንዲህ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬ ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ ብትቀር ዓይኔን ወዴት አደርገዋለሁ የሚለው ሐሳብ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ቀጠሮው ለምሽት ነበር። በዕለቱ ጠዋት ግን ከናይሮቢ ምሥረታውን የምታስተባብረው ዋንጂሩ ደወለች፤ በምሥራቅ ያሉት አገሮች ስለሚመሽባቸው ወደ ዘጠኝ ሰዓት አምጥተነዋል አለችኝ። ከደጎሎ ከተማ የሚመጡት አባላት ዋዜማውን ገብስ በጫነ አይሱዙ መጥተው አድረዋል። የአቀስታዎቹም፣ ዘነበች የምትባል ጓደኛዬ እየመራቻቸው፣ ወዲያው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የቀሩት በዙሪያችን ገጠር የሚሠሩት ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ያኔ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ የቅሬያችንን ለፋፊ፣ ይማምን፣ ለመንሁት። «የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች ወደ አዳራሹ» እያለ በአፉ እንዲጠራልኝ። በአፉ ነው ያልኩት።

ይማም ግን አገሩን ያውቀዋል። በሰኔ፣ ዝናቡ ገብቶ ሁሉም እርሻው ላይ ተጠምዶ ሳለ፣ በአፍ ቢጠሩት ማን ቀና ይላል? ጉብታው ላይ ወጣና ጥሩምባውን ነፋው።

የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦውን፣ ከስልኩ ጋር ሳገናኝ ሰማሁት። ወጥቼ ባይ አገር ምድሩ እየመጣ ነው። ወንዶቹ በሬዎቻቸውን ፈትተው፣ መቃብር ሊቆፍሩ ዶማና አካፋቸውን ተሸክመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለሐዘንተኛው ንፍሮ የሚቀቀልበትን የቅሬውን ትልቅ ድስት ለሁለት ይዘውታል። እኔ የምፈልጋቸው ባለሙያዎችም መሐላቸው አሉ፤ አንዱ ጠጋ ብሎ ሟቹ ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ አበራ ነበሩ፤ ረጅም፣ ነገር አዳምጠው የማይጠግቡ ሽማግሌ። ሕዝቡን ከፍለው ይማም ፊት ቆሙ።

«ማን ሞተ?»

«የሞተስ የለም። ማኅበር ሊወለድ ነው» አለ ይማም፣ ቅንጣት ሳያፍር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሰዉ አጉረመረመ። በእርሻ ወቅት የአንድ ቀን በሬ መፍታት ቀልድ አይደለም፤ አንዳንዱ ይማም ይቀጣ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ያስነፋችው የእገሌ ልጅ ናት ብሎ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ እግሩን እግሩን ያያል። ወሎ ውስጥ ከቅሬ መጋጨት ቀባሪ ማጣት ነው።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ ዘነበች ናት። ከከተማው በታች ያለው ጅረት ላይ ደርሰዋል፤ ግን የመንገዱ ቱቦ በደለልና በቅርንጫፍ ተደፍኖ ጎርፉ በላዩ ላይ ይፈሳል፣ በመኪናም በእግርም አይሻገሩትም። እነሱ ካልመጡ ቁጥሩ አይሞላም። ጋሽ አበራ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አካፋዎቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ።

«ጥሩምባ ተነፍቶ አካፋ አፈር ሳይነካ ቤት አይገባም፤ ደግ ገድ አይደለም» አሉ። «በሉ ወደ ጅረቱ። አንቺም አብሽሪ ልጄ።»

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ሴቶቹ ድስቱን ጥደው ሲቀሩ ሌሎቻችን ቁልቁለቱን ተንጋግተን ወረድነው። እኛ የተማርነው ውኃው በየት በኩል ቢቀየስ ይሻላል ብለን ስንከራከር ቅሬው ግማሹን ቆፍሮት ነበር፤ እኛም ክርክራችንን ትተን ዶማ ተቀበልን። ጭቃው እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ቱቦው ድንገት ጉሮሮው ተከፍቶ ውኃውን ሲውጠው የተነሣው ጩኸት እስካሁን በጆሮዬ አለ። ማዶ ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ፤ ዘነበች በመስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም።

አዳራሹ ስንገባ ዋንጂሩ «ኢትዮጵያ» እያለች ስትጣራ ደረስን። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ለብሰን አንድ በአንድ እየተነሣን ስማችንን ተናገርን። የመጨረሻው ስም ሲጠራ ሞንታርቦው ከየአገሩ በሚመጣ ጭብጨባ ተንጫጫ። ውጭ ያሉት ሴቶች ምን እንደተባለ ባይገባቸውም ነጠላቸውን አቃንተው እልልታውን ለቀቁት። ዘልዬ ዘነበችን አቀፍኋት። ኢትዮጵያ መሥራች ሆነች፤ ያውም ከመካነ ሰላም።

ንፍሮው ደርሶ ነበር። ባቄላና ስንዴው ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ትኩሱን በእፍኝ በእፍኝ በላነው። በንፍሮ የተመረቀ ዓለም አቀፍ ማኅበር የእኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ አበራ የይማምን ቅጣት ንፍሮ ማደል አድርገውለት አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ይህ ማኅበራችሁ ሰው ሲሞት ይቀብራል?» አሉኝ።

ሥራው ውኃና አፈር መጠበቅ፣ እውቀት መለዋወጥ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኋቸው።

«እንግዲያ ገና ነው። የማይቀብር ማኅበር ገና ማኅበር አልሆነም።»

ሳቅን። ለብዙ ዓመታትም በየጉባኤው እያወራሁት ብዙ ሰው አስቄበታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ጎረቤቴ እጄን ይዛ የሞቱት ጋሽ አበራ መሆናቸውን ነገረችኝ። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። እንባዬን እየጠረግሁ በማኅበሩ የስልክ ቡድን ላይ አንድ መስመር ጻፍሁ። ዋንጂሩ፣ ያኔ ቱቦውን ያስከፈቱት ሽማግሌ ናቸው ወይ ብላ ወዲያው ጠየቀች። እኔ ያሰብሁት የሐዘን መልእክት ይመጣል ብዬ ብቻ ነበር።

ከቀትር በፊት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሁለት መኪና ቆመ፤ አንዱ ከአቀስታ፣ አንዱ ከደጎሎ። መጀመሪያ ዘነበች ወረደች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ከኋላዋ ያኔ ጭቃ ለብሰው ስማቸውን የተናገሩት፣ ከእነሱም ኋላ ጋሽ አበራን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ወጣት አባላት ወረዱ። ሁሉም አካፋ ይዘዋል። የአሁኑ የቅሬ ዳኛ ምንም ሳይጠይቅ ገለል ብሎ ቦታ ሰጣቸው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሲቆፍሩ አየሁ። ጋሽ አበራ፣ ይኸው ቀበርን፤ እንግዲህ ማኅበር ሆነናል።