ጽዋ ያለበት ሳንቃ

የልጅ ልጄ ሰላም ሰሞኑን ከአንድ የሲሚንቶ መጋዘን ደጅ የተጣለ ፓሌት የሚሉትን የዕቃ መደርደሪያ የእንጨት ርብራብ በባጃጅ አስጭና መጣችና ግቢዬን በምስማርና በስንጥር ሞላችው። የግድግዳ መደርደሪያ ልትሠራበት ነው። እንዴት እንደሚሆን ከስልኳ ላይ አሳየችኝ፤ ቋጠሮው እንዳለ፣ የምስማሩ ቀዳዳ እንዳለ። «እማማ፣ ውበቱ አሮጌ መምሰሉ ነው» አለችኝ። እኛ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ስንት ለፋን! ልስቅባት ስል ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረገችውና ሽታው ተነሣ። የጽድ አይደለም፣ የወይራም አይደለም፤ ሙጫ ሙጫ የሚል የሩቅ አገር ዛፍ ሽታ። ልጅ እያለሁ በዚህ ሽታ የተነሣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተጣልቻለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከሰቆጣ ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ መንደር ነበር። አባቴ ሞቷል፤ ቤቱ የእናቴ የትርንጎና የእኔ ነው። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ተራዋ ደርሶ ጽዋው እኛ ቤት ሲያድር ግን ጭንቅ ነው። ከጭቃ መደቡ ሌላ ማስቀመጫ የለንም። ዶሮ ይወጣበታል፣ ፍየሏ አፏን ልትከት ትመጣለች፤ እናቴ ነጠላዋን አልብሳው አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። «ከፍ ያለ ቦታ ቢኖረኝ» ትል ነበር ሁልጊዜ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የምትነግር ይመስል። ከፍ ያለ ቦታ ደግሞ ሳንቃ ይፈልጋል። በእኛ አገር ዛፍ ማለት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው፤ እሱን የሚነካ የለም።

በዚያ ዓመት በመንደራችን ጤና ጣቢያ ተሠራ። ወንዶቹ ድንጋይ ተሸከሙ፣ ሴቶቹ ለጭቃው ውኃ ቀዱ። ግንቡ ሲያልቅ አልጋውና የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን በመኪና መጣ፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ፣ ዙሪያውን ሣጥን። እኛ ልጆች ርብራቡ ላይ ወጥተን እንዘላለን፣ ተደፍተን እናሸተዋለን። ዕቃው ገብቶ ሲያልቅ የሥራው ኃላፊ እንጨቱን ለመንደሩ ሰው ሰጠና ሄደ።

ወንዶቹ ርብራቡንና ሣጥኑን ፈታትተው ልክ እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው መሬት ላይ ደረደሩት። ከዚያ ዕጣ መጣል ነው። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የወይራ ቅጠል፣ አንዱ ባቄላ፣ ሁሉም የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ደግሞ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ለዚህ የተጠሩት ዓይናቸው የማያየው የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ ነበሩ። ምልክቱን በቆቡ የሚሰበስበው አያ ካሳ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሲናደድ በአማርኛ ጀምሮ በኽምጣኛ የሚጨርስ ሰው። ቆቡን እያዞረ መጣ፣ መጣና እናቴን ዘሏት አለፈ።

እኔ ግን ከቀሚሴ ጠርዝ ክር መዘዝኩና ቋጠርኩት፤ በሰዎቹ እግር መሃል ሾልኬ ቆቡ ውስጥ ጣልኩት።

የኔታ በበትራቸው መደቡን እየዳሰሱ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስቀመጡ። መደቡ አለቀ። እጃቸው ላይ ግን የእኔ ክር ቀረች።

«ይህችስ? ቦታ የላትም» አሉ በጣታቸው እያሹ።

«ትርፍ ናት የኔታ፣ ይጣሏት» አለ አያ ካሳ።

«እጄ ከገባች በኋላ? ዕጣ ምን ትርፍ አለው፤ የጎደለው መደብ ነው። የማን ናት?»

«የእናቴ ናት! የትርንጎ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቅ ሆነ። አያ ካሳም፣ «ትርንጎ ደግሞ እንጨት ምን ይሠራላታል? እንጨት ወንድ ላለበት ቤት ነው። በምኗ ልትፈልጠው፣ በማማሰያዋ?» አለ። ሳቁ ባሰ።

«አያ ካሳ፣ ውኃውን ስትቀዳ ‹ወንድ አምጪ› ብለዋት ነበር?» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ከወዲያ አንዲት ሴት «እሰይ» አለች። አያ ካሳ በኽምጣኛ ያወርድብኝ ጀመር። የኔታ በትራቸውን መሬት መቱና «መልሳችሁ መድቡ» አሉ። ከእያንዳንዱ መደብ ሳንቃ እየተነሣ አዲስ መደብ ወጣ፤ ምልክቱ ሁሉ ተመልሶ ቆብ ውስጥ ገባ፤ የኔታም እንደገና አዳረሱ።

ለእኛ የደረሰን አጫጭርና ቋጠሯም ሳንቃ ነበር። ግን አንዱን ስንገለብጠው በጥቁር ቀለም ሥዕል ታትሞበታል፤ እግሯ ቀጭን፣ አፏ ሰፊ። «ጽዋ!» አለ ሰው ሁሉ። እናቴ ሳንቃውን ተሳለመችው። አያ ካሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀረበን።

«ትርንጎ እቴ፣ የእኔን ረጃጅሞቹን ሳንቃዎች ውሰጂና ይህችን ልቀቂልኝ።»

እናቴ ቀና አለች። «አያ ካሳ፣ ቅድም እንጨት ምን ይሠራላታል አላሉም? ይኸው የሚሠራልኝ ተገኘ» ብላ ሳንቃዎቹን ጀርባዋ ላይ አዘለች።

የጎበጠውን ምስማር በድንጋይ አቃናን። ሳንቃውን በጠርሙስ ስባሪ እየፋቅን አለሰለስነው፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ሲወድቅ ቤቱ በዚያ ሽታ ታወደ። ሥዕሏን ግን እናቴ አላስነካችኝም። ከግድግዳው ድንጋይ መሃል ሁለት የወይራ ችካል መታንና መደርደሪያውን በጠፍር አሰርነው፤ ሥዕሏ ከፊት ሆነች። ትንሽ አዘንብሎ ነበር። የሚቀጥለው ተራችን ሲደርስ ጽዋው እዚያ ላይ አደረ፤ እናቴም ከመደቡ ላይ ጋደም ብላ እስኪነጋ ተኛች።

ትምህርት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አራተኛ ክፍል እያለሁ ሰቆጣ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ ያችን ጽዋ ካርቶን ላይ አየኋት። ባለሱቁን ብጠይቀው ሳቀና «ውስጡ ብርጭቆ ነው፣ እንዳይሰበር ተጠንቀቁ ማለት ነው» አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷም «ታዲያ ለጽዋስ መጠንቀቅ አይገባም?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዛሬ ሰላምን ሳያት ደስ ይለኛል። የመጋዘኑን ዘበኛ ጠየቀች፣ ባጃጅ ጠራች፣ አስጭና መጣች። ቤትሽ ወንድ አለ ወይ ያላት የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አያሳንሰው። ግን እንጨቱን ስታነሣ «ቆይ፣ እኔስ?» ብሎ የተሟገታትም የለም። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ በቤቷ ምን እንደጎደላት አላውቅም፤ እሷም የእኔን አታውቅም። ያኔ ሊነፍጉን የተነሡት እንኳ ስማችንን ያውቁ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በበዓል በሬ በታረደ ቁጥር አያ ካሳ ደጃችን ቆሞ ይጣራል፦ «ትርንጎ! ዕጣሽን ቶሎ አምጪ፣ ያች ልጅሽ መጥታ ሳታዋርደን!»

እንደዚያ ከደጅ ቆሞ የሚቆጣኝ ሰው እንዴት ናፈቀኝ።