ሳይቀመጡት ያለቀ ኢዳ

ሸምሱ በወታደር መኪና ወደ ሰሜን በተጫነ ቀን ቶይባ ከሚሴ አስፋልት ዳር ከተማሪ ጓደኞቿ ጋር ቆማ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ እልል ብላለች። ሸምሱ የታላቅ እህቷ የመሊካ ባል ነው፤ ጋሪ ነጂ ነበር። ከመኪናው ላይ ሆኖ «ፈረሴን እንዳታስርቡብኝ!» ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቶይባ ያኔ ጦርነት ማለት በሬዲዮ የሚሰማ የድል ዜና ይመስላት ነበር።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። በሐምሌ ከሸምሱ ጋር የዘመተው የጨፋ ሮቢቱ ዑመር አንድ እግሩን እዚያው ጥሎ መጣ። ክራንቹን እነመሊካ ደጃፍ ላይ አስደግፎ፣ «ሸምሱን በግንቦት በእጄ ቀበርኩት። አላህ ይዘንለት» አላት መሊካን።

መሊካ ደረቷን ልትመታ ስትል የሰፈሩ ሹም ደርሶ ከለከላት። «ከላይ ሳይነገር ለቅሶ የለም! ሕዝቡን ታሸብሪብናለሽ?»

ቃዲውም በአንድ ሰው ቃል ሞት አላጸናም አሉ። «ሁለተኛ ምስክር አምጪ፤ ያኔ ኢዳሽን ትቀመጫለሽ።» ኢዳ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳትኳል፣ ሳትቀባ ቤቷ ተቀምጣ የምታዝንበት ጊዜ ነው። መሊካ ግን ሚስትም መበለትም ሳትሆን፣ ፈረሱን ሸጣ ሽንኩርት ስትቸረችር ከረመች።

«ምነው አልተኳልሽም?» ይሏታል ገበያተኞቹ። «ባልሽ እንደሁ አልሞተም፤ አሥመራ አግብቶ ይሆናላ!»

ቶይባ ይህን በሰማች ቁጥር ያ እልልታዋ በገዛ ጆሮዋ ይጮህባታል። መጨረሻ ላይ ዑመርን አጥብቃ ጠየቀችው። ሲቀብሩ ሳዳም የሚባል ሰው አብሮት እንደነበረ፣ አሁን ሰንበቴ ገበያ ፍየል እንደሚነግድ ነገራት። እሑድ ሰንበቴ ወርዳ ከፍየሎቹ መሐል አገኘችውና መጥቶ እንዲመሰክር ለመነችው።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አትናገሩ ተብለናል። ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት።

«ሙክቱን ግን ጥርሱን ገልጠህ ወላሂ እያልክ ትሸጣለህ!» አለች ጮክ ብላ። «ለፍየል የምትምለውን ለሰው ነፈግከው?»

ገዢዎቹ ሳቁ። ሳዳም አልሳቀም። ፊቱን በሽርጡ ጠረገና፣ «ጁምዓ እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ያን ጠዋት ቶይባ ለእህቷ ማዘኛ ጓዳውን ጠርጋ ሰሌን አንጥፋ ነበር የወጣችው። ዑመርና ሳዳም ቃዲው ፊት ማሉ።

«በየትኛው ወር ሞተ?»

«በግንቦት።»

ቃዲው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ኢዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው። አሁን ጥር ነው። ያንቺ አልፏል፣ ልጄ። አብሽሪ። ከዛሬ ጀምሮ ብታገቢም ይፈቀድልሻል።»

«ሳልቀመጠው?» አለች መሊካ።

«በሐምሌ ነግረናችሁ ነበር እኮ!» ቶይባ ብድግ አለች። «ጊዜው ገና ሳያልቅ ነግረናችሁ ነበር!»

ቃዲው መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሹሙን ደጃፋቸው ላይ ቆሞ አገኙት። «ቶይባ፣ ነገ እንግዶች ስለሚመጡ ተማሪ ሁሉ አስፋልት ይወጣል። አንቺ ደግሞ እልልታ ታውቂበታለሽ።»

«እልልታዬን ሸምሱ ይዞት ሄዷል» አለችው። «ከላይ ሲነገርህ ከሱ ተቀበል።»

እህቷን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ጀርባዋንም አስደገፈችበት። ሹሙ ከውጭ ይደበድባል። ሰሌኑ እንደተነጠፈ ነው።

«ተቀመጪ» አለቻት። «አልቅሺ። በሩን እኔ ይዤዋለሁ።»

የመሊካ ጩኸት አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።