የሌላ ሴት ቅቤ

የነቀምቴ ገበያ ቅቤ ሻጮች ድርቤን አይወዷትም ነበር። ቅሉን ከፍታ አንዴ ካሸተተች፣ ይኼ ከዲጋ የመጣ ነው፣ ይኼ ከቢላ የመጣ ነው፣ ያኛው ደግሞ ሞራ ገብቶበታል ብላ በሰው ፊት ታዋርዳቸዋለች። እንዲህ ያለ አፍንጫ ለገበያ እንጂ ለትዳር አይበጅም። እሷም ይህን ያወቀችው ከባሏ ከታፋ እጅጌ ላይ የሌላ ሴት ቅቤ የሸተታት ቀን ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከከተማው ግርጌ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ትንሽ የቆዳ ፋብሪካ ተከፍቶ ታፋ የኖራ ጉድጓድ ላይ ተቀጠረ። ጥሬውን ቆዳ ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ ይነክራል፤ ፀጉሩ ሲለቅ ክንዱን ሰዶ ጎትቶ ያወጣል። ጓንት የሚባለው ነገር ለጌቶች ብቻ የተሠራ ይመስል ሠራተኛው ዘንድ አልደረሰም። ድርቤ ግን ያኔ ይህን ከየት ታውቃለች? ባሌ የፋብሪካ ሰው ሆነ ብላ ኮርታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ተለወጠ። የቆዳ ሽታ አለብኝ እያለ ጥጉን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለብቻው መብላት ጀመረ። ካገባት ጀምሮ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷን ሳያጎርስ እህል ቀምሶ የማያውቅ ሰው ማጉረሱን እርግፍ አድርጎ ተወ። ሲተኛም እጁን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ግድግዳው ነው። ድርቤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ ያ የአሪቲ ቅቤ ሸተታት። እሷ አሪቲ አትወድም፤ ራስ ምታቷን ይቀሰቅስባታል። አሪቲ የገባበት ቅቤ ደግሞ ለፀጉር ነው፤ ፀጉሩም ባለቤት አለው።

 ገበያ ወርዳ ያገኘቻትን ሴት ሁሉ እያቀፈች፣ ሰላምታ መስላ አናት ታሸት ጀመር። ምን ነክቷት ነው እንዲህ የናፈቅናት እያሉ ሴቶቹ ተገረሙ። የጠላ ሻጯን የብርቄን አናት ደጋግማ ሳመች፤ የብርቄ ጥፋት ቆንጆ መሆኗ ብቻ ነበር። አሪቲው ግን እሷም ዘንድ አልተገኘም።

በመጨረሻ ባሏን ራሱን ጠየቀችው።

«አባ ኩማ፣» አለችው፤ የአገሩ ሚስት ባሏን የምትጠራው በልጇ ስም ነው። «ሴት አለችህ?»

ታፋ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። «አለች፣» አላት።

ይክደኛል ብላ ለክህደቱ የሚሆን ስድብ አሰናድታ ነበር። ለማመኑ የሚሆን ግን አላሰናዳችም።

ሌላዋ ብትሆን ዕቃዋን ጠቅልላ ዲጋ ወንድሞቿ ቤት ትገባ ነበር። ድርቤ ግን፣ ለማን ብዬ ነው የምተውለት አለች። በማግስቱ ምሳ ቋጥራ ወደ ፋብሪካው ወረደች። ዘበኛው ዋጋሪ የሰፈሯ ሰው ነበርና አሳለፋት። ከጉድጓዶቹ ጀርባ ዞር ስትል ታፋን አገኘችው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ለአንዲት ሴት ዘርግቶላታል። ሴትዮዋ ከቆዳው የወጣውን ፀጉር የምትለቅመው ሸዋጌጥ ነበረች፤ ከሸዋ የመጣች፣ በዕድሜ የድርቤ እናት የምትሆን ባልቴት። እጁን ቅቤ ታሸዋለች። አሪቲው ከሩቅ ይጣራል።

ድርቤ ቋጠሮዋን አስቀምጣ የሴትዮዋን ነጠላ ልታንቅ እጇን ስትዘረጋ የባሏን እጆች አየች። መዳፉ ተልጧል፤ በጣቶቹ መሐል ሥጋው ቀልቶ ተሰነጣጥቋል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ወልቋል።

«ሀዳ ኩማ፣» አላት ታፋ፣ የኩማ እናት ማለቱ ነው፣ «ቁምጥና መስሎኝ ነው። ያንን ብነግርሽ ወንድሞችሽ ይወስዱሻል፤ ለኩማም ልጁን የሚሰጥ አይገኝም። ሴት አለች ብልሽ ግን ትጣዪኛለሽ እንጂ አትሄጂም አልኩ።»

ሸዋጌጥ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክንዷ የወጣ የቆየ ጠባሳ አሳየቻት። የኖራ ነገር እንጂ ቁምጥና እንዳልሆነ፣ እሷንም በልቷት ከጉድጓዱ ስትርቅ እንደተዋት፣ ይህንኑ ለታፋ ብትነግረውም እንዳላመናት ነገረቻት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ለሚስትህ ንገራት ብትለው እምቢ እንዳላትም አልደበቀችም።

ድርቤ ደስ አላት። ቅናቱ ግን አልለቀቃትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ውሽማ ብትሆን ገላውን ነው የምትወስደው፤ ይቺ ግን ቁስሉን ወሰደችባት። ከእሷ ደብቆ በጋቢ የጠቀለለውን እጅ ለባዕድ ዘርግቶ አገኘችው።

ምሳውን ፈታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አጉርሰኝ፣» አለችው።

ታፋ እጁን አየ። እንደሚደማ፣ ቅቤውም እንዳልደረቀ ነገራት። እሷ አፏን ከፍታ ጠበቀች። ጠቀለለና አጎረሳት። አሪቲ አሪቲ ይላል፤ አኝካ ዋጠችው።

ከዚያ ወደ ባልቴቷ ዞረች። «እትዬ ሸዋጌጥ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከነገ ጀምሮ ግን ባሌ የሚሸተው የእኔን ቅቤ ነው።»