ፀሐይ የበላው ቀለም

ጡረተኛው ሾፌር አልጋና ምድጃ የተገጠመለት አሮጌ መኪና ነበረው። ቀለሙን ፀሐይ ስለበላው የነካው ሰው ላይ ሁሉ እንደ ጠመኔ ይራገፋል። ሚስቱ መኪናውን ተደግፋ በቆመች ቁጥር የጥቁር ካፖርቷ ጀርባ ይነጣና፣ «አንተ ሰው፣ ይሄን ጉድህን መላ በለው!» ትለው ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖረ።

ታጥቆ የተነሳው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። በሳሙና አጠበው፤ ውሃ ባራሰው የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ሰም ቀብቶ ክንዱ እስኪዝል ወለወለው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለ ራሱን ሲሳደብ ነው የከረመው። በመጨረሻ የመኪናው ጎን እንደ መስታወት ፊቱን አሳየው።

ሴት ልጁ ልትጠይቀው መጥታ መኪናውን ተደገፈች። ጀርባዋን አየላት፤ ምንም የለበትም።

«አባዬ፣ እማዬ ይሄን ብታይ!» አለችው።

ውስጡን ላጽዳልህ ብላ ገባች። የእናቷን ካፖርት ከተሰቀለበት አውርዳ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ አቧራ በብሩሽ ልታራግፍ ስትል፣ «ተይው!» ብሎ ጮኸባት።

ደንግጣ ዞረች።

«ሌላውንማ እኔው ጠርጌ ጨረስኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እሱን እንኳ ተይልኝ፣ ልጄ።»