በጥገና ሳጥን የደበቅኳቸው የፍቅር ልብወለዶች

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ኃላፊዬ ኦቦ ደበላ የቀን ማህተም፣ የማጣበቂያ ኮላ ጣሳና አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። «አንባቢ መጽሐፍ ሲመርጥ ፊትሽን አታጨማድጂ» አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቻልኩም።

ቦታው ነቀምቴ፣ በባኬ ጃማ በኩል ያለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ናት። የተመደብኩት ውሰት ክፍል ነበር። አንባቢው መጽሐፉን ያመጣል፤ እኔ ከኋላ ሽፋኑ ኪስ ካርዱን አውጥቼ ስሙን እጽፋለሁ፣ የመመለሻውን ቀን እመታበታለሁ። የተቀደደ ገጽ እለጥፋለሁ፣ ጥራዙ የላላውን በመርፌ እሰፋለሁ። ክፉኛ የተጎዳው ከጠረጴዛዬ ሥር ወዳለው የጥገና ሳጥን ይገባል፤ እዚያ የገባ እስኪጠገን ድረስ ለማንም አይሰጥም።

ፊቴ አልታዘዝ ሲል ኦቦ ደበላ መላ ፈለጉ። «አስተያየትሽን ጻፊውና ኪሱ ውስጥ ክተቺው። ሁለት መስመር ብቻ፤ መጨረሻውን እንዳትናገሪ!»

ነፃነት አገኘሁ። በአንድ አዲስ የፍቅር ልብወለድ ኪስ ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልጅቷ መጽሐፎቿ ይወድቁባታል፣ መልከ መልካም መሐንዲስ ያነሳላታል። እዚህ ጠረጴዛ ፊት ስንት ልጅ መጽሐፍ ወድቆባታል፤ ወንዶቹ ተራምደውት ነው የሚያልፉት።» ያ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ መደርደሪያ ላይ ውሎ አያውቅም። አንባቢ የሚወስደው ወረቀቷን ለማየት ነበር።

ምናባዊ ልብወለድም መጣ፤ ዘንዶ፣ ሰባት መንግሥታት፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ። ከአርጆ የሚመላለስ አንድ የእህል ነጋዴ በሁለት ቀን ጨርሶት ተናዶ መጣ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጸዳለ! ይህ ሁሉ ሠራዊት ጤፍ ከየት ነው የሚያመጣው? በካርታው ላይ እኮ አንድ የእህል ገበያ የለም!»

«ዘንዶውስ እንዴት ነው?»

«ዘንዶውማ ጨዋ ነው።»

እኔም ጻፍኩ፦ «ዘንዶው ጨዋ ነው። ሠራዊቱ ግን ጾሙን ያድራል።»

ባለቤቴ ቶለሳ የሒሳብ መምህር ነበር። የሚያነበው እንደ ዘንዶው ያሉ ምናባዊ ልብወለዶችን ብቻ ነበር። በእኔ የፍቅር መጽሐፎች ይስቅ ነበር። «እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጥያቄ ቢጠያየቁ ታሪኩ ሃያኛው ገጽ ላይ ያልቅ ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ ግን አላመንኩለትም።

ቶለሳ ከሞተ በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ፊቴን ማጨማደድ ተውኩ። ኦቦ ደበላን ያሳሰባቸው ይህ ነበር።

በዚያው ሰሞን ያነሳሁት የፍቅር ልብወለድ ውስጥ ባልየው ዝናብ እየመታው ሞተ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ምንም አልተቀደደም፤ ሆኖም ጥገና ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። በሳምንቱ ሌላ አገኘሁ። ደራሲዎቻችን ባል መግደል ይወዳሉ ለካ! አንዱን በበሽታ፣ አንዱን በመኪና፣ አንዱን ምስኪን በመብረቅ። ክረምቱ ሳይወጣ ዘጠኝ ደረሱ። የጠየቀኝን ሁሉ «ጥገና ላይ ነው» እለዋለሁ።

አንድ ጠዋት ጫልቱ መጣች። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት፤ የቆየች ደንበኛዬ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ማሎ፣ እባክዎ አዴ ጸዳለ፣ ያንን የከባድ መኪና ሾፌሩን መጽሐፍ ይስጡኝ።»

«ጥገና ገብቷል።»

«ምኑ ተቀደደ? እኔ ስመልሰው ደህና ነበር።»

ውሸት አለቀብኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ባልየው ይሞታል፣ ጫልቱ» አልኳት።

«መሞቱንማ አውቃለሁ! እዚያ ስደርስ ነው የእኔው የታመመው፤ አቋርጬ መለስኩት። አሁን የምፈልገው ሚስትየዋን ነው። ከዚያ በኋላ ምን አደረገች?»

አላወቅኩም። ዘጠኙንም ባልየው የሞተበት ገጽ ላይ ነው የዘጋኋቸው። የነቀምቴን አንባቢ ሁሉ ስፈርድበት የኖርኩ ሴት፣ ያልጨረስኩትን መጽሐፍ ፈርጄበት ነበር።

ኦቦ ደበላ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ሳቡና አንድ በአንድ አገላበጧቸው።

«አዴ ጸዳለ፣ እነዚህ ምናቸውን ነው የታመሙት?»

ሳጥኑን በእግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋሁት።

«ዛሬውኑ መደርደሪያቸው ላይ ይመለሱ። ካልሆነልሽ መዝገብ ቤት ፋይል ደርድሪ፤ እዚያ ማንም አይሞትብሽም።»

የሾፌሩን መጽሐፍ ካርድ አውጥቼ የጫልቱን ስም ጻፍኩ። የመመለሻውን ቀን መታሁበት። ስምንቱን በቦታቸው መለስኩ።

በሳምንቱ ጫልቱ እየሳቀች ተመለሰች።

«መኪናውን ራሷ መንዳት ጀመረች እኮ! በመጀመሪያው ቀን የአማቷን አጥር ደርምሳ ገባች።»

«አማቷስ?»

«ያንብቡታ! እኔ መጨረሻ አልናገርም።»

ያን ቀን ከሞቱ ገጽ ቀጥዬ አነበብኩት። አማቲቱ ጋ ስደርስ ቶለሳ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ እስኪሰማ ሳቅኩ። አንድ ተማሪ «እሽሽ!» አለኝ፤ ዝም የማሰኘቱ ሥራ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወረቀቷን ጻፍኩ፦ «ባልየው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ገጽ አለ፤ የሚሻለው እሱ ነው።» ኦቦ ደበላ አነበቧት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቷት። ጡረታ እስክወጣ ከውሰት ጠረጴዛ አልተነሳሁም።

አሁን እዚያ ለተቀመጣችሁ ይህን እላለሁ፦ መጽሐፉን ሳትጨርሱ አስተያየት አትጻፉ። አንባቢው የመጣው እናንተ ካቆማችሁበት ቀጥሎ ላለው ገጽ ሊሆን ይችላል።