የሐረጎው ሸክላ

ሀምዲንን «ጥሩ ሙዚቃ ምን አለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ወዮለት። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የእሱ ካሴት ቤትና የእኔ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር፤ ግድግዳው ደግሞ ቀጭን ነው። ለደንበኛ የሚያሰማውን ሁሉ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ ወድጄ ግን አይደለም። አገር የሚያውቀውን ዘፈን ሊገዛ የገባ ሰው በርጩማ ይሰጠዋል። ከዚያ ሀምዲን ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ ያስቀምጥና መርፌውን ያሳርፋል። ሰውየው እስኪያልቅ ድረስ ይታገታል። ዘፈኑ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። አንዳንዱ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ የሚይዝ ነው፤ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ መመለስ ይቻላል።

ሸክላዎቹን ያመጡለት አባቱ ናቸው፤ ሳያውቁት። ከየመን የመጣ ነጋዴ ልጅ ነበሩ፣ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከአስመራ ሸቀጥ የሚያመላልስ አንድ ሾፌር፣ ፈረንጅ ወታደሮች ትተውት የሄዱት ነው ብሎ ትልቅ ሣጥን አራገፈላቸው። አባትዬው የወደዱት ሣጥኑን ነው፤ እንጨቱ ደህና እንጨት ነበር። የውስጡን ለልጃቸው ሰጡት። ሀምዲን ያኔ ጢሙ ገና ያላጎነቆለ ወጣት ነበር፤ ያን ቀን የያዘው ነገር እስከ ሽበቱ አልለቀቀውም።

የሽፋኖቹን ቋንቋ ማንበብ ስለማይችል ስም ያወጣላቸው ራሱ ነው። «የጭጋጉ» የሚለው አለ፤ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲውጠው ብቻ የሚሰማ። ኦርጋኑ ቀድሞ ይመጣል፣ ዘፋኙ ይዘገያል፣ እስኪመጣ ግን መርፌውን ማንሳት ክልክል ነው። «የሰፊው» የሚለውን ለእኔ ነው የሰየመልኝ፤ ጊታሩ የስፌት መኪናዬን ድምፅ እያወጣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የትም አይደርስም። የእኔ መኪና መጨረሻዋ ቢያንስ ሱሪ ነው አልኩት። አኮረፈኝ፤ እሱ ስለራሱ ቢሰደብ ይስቃል፣ ስለ ሸክላ ሲሆን ግን ቀልድ አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያስቀምጣት ግን «የሐረጎው» ነበረች። ሽፋኗ ላይ እስከ አንገቱ ሐይቅ ውስጥ የቆመ ፈረስ አለ። ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሾፌር ሁሉ እሷን ያዝዝለታል፦ ከደሴ ስትነሳ ጀምራት፤ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ስትደርስ ከበሮው አብሮህ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሲለሰልስ እሷም ታርፋለች። ሐረጎን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ሐረጎን እንዴት እንዲህ አወቁት እያለ ይገረም ነበር። እውነት ለመናገር እኔንም ብዙ አታስቀይመኝም ነበር፤ ቢያንስ ዋሽንት አላት።

ሸክላውን ካሴት ላይ ሲቀዳ አንድ ችግር አለ። ሸክላው ያልቅና የካሴቱ ጫፍ ባዶ ይተርፋል። ሌላው ካሴት ቤት ባዶውን እንዳለ ይሸጠዋል። ሀምዲን ግን የነጋዴ ዘር ነው፤ ባዶ የተረፈበት ካሴት መሸጥ ለእሱ ሚዛን ማጉደል ነው፣ ሀራም ነው። ስለዚህ ካሴቱ ባዶ እንዳይሄድ ብሎ ጫፉን በታላቅ ወንድሙ በፉርቃን መንዙማ ይሞላዋል። በወጣትነታቸው አባታቸው ቤት ለወዳጃ ተሰብስበው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ድቤው እየተመታ ፉርቃን ሲያወርደው የቀዳው ነበር። ፉርቃን ድምፅ ነበረው። እኔ ክርስቲያኑ እንኳ መቀሴን አስቀምጬ የምሰማው ድምፅ ነው።

ፉርቃን ነገሩን ሲደርስበት ሱቁ ድረስ መጥቶ ተቆጣ። የነቢዩን ውዳሴ የሸይጣን ጩኸት ጭራ አደረግኸው አለው። ሀምዲንን መንዙማው አላሳሰበውም፤ ያንገበገበው «ጩኸት» የሚለው ቃል ነው። ከሥጋ ወንድሙ አፍ መውጣቱ ነው። እልህ ተጋቡ። ሽማግሌ ገባ፣ ሼሁ ገቡ፣ ሁለቱም እንቢ አሉ። ሀምዲን ካሴቱን በዚያው መንገድ መቅዳቱን ቀጠለ፤ ፉርቃንም በሱቁ በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ እያዞረ ኖረ። በአንድ ሆድ የተኙ ልጆች እንዲህ ሆነው አረጁ።

ደሴ ውስጥ የሀምዲንን ምርጫ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። ይህን እሱም ያውቀዋል። ጎረምሶቹ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይጠቃቀሳሉ፣ ከወጡ በኋላ መሳቃቸው እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ይህን ሁሉ የሚያስችለው አንድ ሰው ነበር፦ ጋሽ ይስማው። የኩታበር ሰው ናቸው፣ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል አውቶቡስ የሚነዱ ሾፌር። «የሐረጎው»ን አንዴ ወሰዱና ካሴቱ ፀሐይ በልቶት ሲበላሽ ተመልሰው መጡ፤ ያችኑ ቅዳልኝ አሉት። ያም አረጀና ደግመው መጡ። ሲሰጣቸው የሀምዲን ፊት እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። «ወንድምአገኘሁ» ይለኛል ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንድ ሰው ከገባው ይበቃል፤ ወላሂ አንድ ሰው ይበቃል።» ጋሽ ይስማው ጡረታ ወጥተው ኮምቦልቻ ከገቡ በኋላም ስማቸው ከአፉ አይጠፋም ነበር። ሚስቱ ሸፊቃ ስታላግጥበት፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ያለውን ዘፈን ሲያሰሙት፣ መልሱ አንድ ነው፤ ይስማውን ጠይቁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሸሽተን ስንመለስ የሁለታችንም ሱቅ በር ተገንጥሎ ነበር። የእኔን መኪና ወስደዋል፤ እሺ፣ መኪና ይሰፋበታል። የእሱን ሸክላ ግን ማን ምን ሊያደርገው ነው? መንገዱ ላይ ተሰባብሮ ተነጥፎ ነበር። የሐይቁን ፈረስ ሽፋን ለሁለት ተቀዶ ከቦይ ውስጥ ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ይዞት ቆመ፣ አላለቀሰም፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን ተርፋለች» አለ። በዚያው ዓመት ፉርቃን ሞተ። ሳይታረቁ። ሀምዲን ቀብሩ ላይ አፈር አለበሰው፣ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ስለ ወንድሙ ግን አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁም።

ያነሳችው ልጁ ኢስራ ናት። መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ አባቷ ግድግዳ እያየ መዋሉ አስጨነቃትና ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተችለት። እሱ በቃሉ ያወራል፣ እሷ ትቀዳና ትለጥፈዋለች፣ ሥሩ ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፍበታለች። ሸክላ የለ፣ ካሴት የለ፤ ሰውየው የጠፉ ሸክላዎችን ከትዝታው እያወጣ «ይህን ስማ» ይላል። ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ለካስ ዓለም ላይ የእሱ ቢጤ ሞኞች ሞልተዋል። ከፖላንድ፣ ከቱርክ፣ ከየት ከየት ይጽፉለት ጀመር። ያ ሽፋን የእነ እገሌ ነው እያሉ የሸክላዎቹን እውነተኛ ስም ነገሩት። አልተቀበለውም፤ የራሱ ስም ይሻላል አለ።

ስለ ሐይቁ ፈረስ ባወራ ጊዜ ግን የተለየ መልእክት መጣ። አንድ ፖላንዳዊ፣ ይህን ሸክላ ዘመኔን ሙሉ ስፈልገው ኖሬአለሁ፣ ጥቂት ብቻ ታትሞ የጠፋ ነው፣ ሰማሁት የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ፣ እባክህ የተቀዳ ነገር የለህም ወይ ሲል ጻፈ። ኢስራ ስታነብለት ሀምዲን ከመቀመጫው ተነሳ። የተቀዳማ አለ! ጋሽ ይስማው ጋ ደወለ። ካሴቷ አለች ወይ አላቸው። እንዴት አትኖርም፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት አሉት። ስልኩን ዘግቶ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። የጠፋችው ልትገኝ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ይስማው ጠብቀዋታል። ዕድሜውን የሰጠለት ነገር አንድ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ለእሱ ከሸክላዋ ይልቅ ይኼኛው ይበልጥበታል።

በማግስቱ እኔና እሱ በሚኒባስ ወረድን። የክት ኮቱን ለብሷል፤ እኔ የሰፋሁለትን። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ያን ዘጭ እንቦጭ የሚለውን ከበሮ ይመቱ ነበር። ጋሽ ይስማው ከቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከዘራ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሁለታችንንም ጨምቀው ሳሙን። ኮምቦልቻ ሙቀቷ ያው ሙቀት ነው፤ ውሃ ቀርቦልን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጦርነቱ ተጨዋወትን። ፉርቃን መሞቱን ሰምተው ኖሮ ነፍስ ይማር፣ አላህ ይማረው ብለው በሁለቱም ወግ አጽናኑት።

ካሴቷን በቆዳ ከረጢት ነው ያስቀመጧት። ከግድግዳ ሰዓታቸው ሥር የድሮ ቴፕ አለ፤ እያሻሹ ከተቱና ተጫኑት። ሀምዲን ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ያቺን ዋሽንት ጠበቅሁ።

የወጣው የፉርቃን ድምፅ ነው። ድቤውም ከተፍ አለ።

ሀምዲን ዓይኑን ገለጠ። የተጠቀለለችው ጫፏ ላይ ቆማ ይሆናል፣ ወደ መጀመሪያው ይመልሷት አላቸው። ጋሽ ይስማው ሳቅ አሉ። መጀመሪያዋ ነው አሉ። ከዚያ ኩራት እየተሰማቸው አስረዱን፦ መንገድ ላይ መንዙማው እስኪደርስ እየጠበቁ፣ ካሴቱን በእጃቸው እያስሮጡ፣ ቴፑ እየበላባቸው ተቸግረው ነበር። ተሳፋሪውም፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ መንዙማው ይምጣ እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። ካሴት ተበላሸ እያሉ ደሴ የሚመላለሱትም በዚሁ ነው። ኋላ አንድ ዘመዳቸው ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ገዛና ከፊት ያለውን አስጠፍተው፣ መንዙማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በሁለቱም ፊት ደጋግመው አስቀዱበት። ዛሬም ማታ ማታ የሚያስተኛቸው ይኸው ነው።

«የፉርቃንን ድምፅ ያቆየሁልህ እኔ ነኝ» አሉት። «ሟች ወንድምህን በድምፁ አገኘኸው። እንዲህ ያለ ዕድል ለማን ይደርሳል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ተደፍቶ ጉልበታቸውን ይስም ነበር፤ እኔ ራሴ እንባዬ መጥቷል። ሀምዲን ግን ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እኔ ግድግዳ ተጋርቼው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምን እንዳየ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ዓመት ይስማው ያደመጡት ፉርቃንን ነው። «ጩኸት» ያለው ወንድሙ ሳይከራከር ረታው፤ ረትቶም ሞተ፤ ሞቶም እዚያ ቴፕ ውስጥ ያን የመሰለ ድምፁን እያወረደ ነው። ደግሞ የሚያበሳጨው ማማሩ ነው። ሀምዲን ሊጠላው እንኳ አልቻለም፣ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ድቤውን መከተል ጀምሮ ነበር፤ አየና ያዘው። ሽማግሌውን ሰድቤ ብነሳ ደስ ይለኝ ነበር። ግን በምን ይሰደባሉ? አክብረውናል፣ ወደውናል።

ጋሽ ይስማው የቴፑን ድምፅ ቀነስ አደረጉ። አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«እኔ እምልህ ሀምዲን፣ ሁልጊዜ ልጠይቅህ እልና እረሳዋለሁ። ያ ከፊት ከፊት የነበረው ነገር ምን ነበር? ለምን ነበር የምታስገባው?»

ይህን ጥያቄ ሰው እንዲጠይቀው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀ ሰው ነው። ስለ ሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ስለ ሐይቁ ፈረስ፣ ስለ ከበሮው፣ ቢጀምር ጀንበር ትጠልቅ ነበር። እኔም ይጀምራል ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ሀምዲን የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ካሴቱ ባዶ እንዳይሄድ ብዬ ነው፣ ጋሽ ይስማው» አላቸው።

ጋሽ ይስማው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ የነጋዴ ልጅ፣ ሚዛን አታጎድልም ብለው መረቁት። ከዚያም በደንብ እንዲሰማ ብለው ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመሩለት።